ያላየኸውን አትፈርም

የሂሳብ ባለሙያዎች ማህበርን ታሪክ እንድትጽፍ በተጠየቀች ጊዜ እትዬ ማህተም መጀመሪያ ያለችው «ስንት ገጽ?» ነው። ሰው ሲያረጅ ክብሩን ትቶ ሸክሙን ይመዝናል። ወጣቱ ፕሬዚዳንት «እንደፈለጉ እትዬ፤ ብቻ ለምሥረታ በዓሉ ይድረስልን» አላት። «ብቻ ይድረስልን» የሚባል ሥራ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ አሳምራ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከመው ኖራለች። ቢሆንም እሺ አለች። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል።

«ማህተም» የሚለውን ስም ያወጡላት እነዚሁ የሂሳብ ባለሙያዎች ናቸው። የማህበሩ ጸሐፊ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ማህተሙን በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ስለምትዞር፣ ማህተም የፈለገ ሰው እሷን ሲያሳድድ ይውል ነበር። ገበያ መሃል ቲማቲም ስትመርጥ ያገኟት አሉ። ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሳታነብ መትታ አታውቅም፤ ባለጉዳዩን ዘንቢሏን አስይዛ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ፈርሞ የሚረከባት ስለጠፋ ማህተሙ እሷው ጋር ቀርቷል።

የማህበሩ ቢሮ ከጫማ መደብር በላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ወጥቶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ ወንበር ነው የሚፈልገው፤ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። የብረት ቁም ሳጥኖች፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በመስታወት የተሰቀለ የአባላት ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ከሁለት ወደ አራት ይዘላል። አዲስ አባል ሁሉ ሲያየው ይስቃል፤ «መቁጠር የማይችል የሂሳብ ባለሙያዎች ማህበር!» ይላል። አራት ቁጥር ራሷ እትዬ ማህተም ናት። አብራቸው ትስቅና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ታሪኩን መጻፍ እንደፈራችው አልከበዳትም፤ መጀመሪያው እንዲያውም አስደሰታት። ያኔ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ሁሉ «ገንዘብ ያዥ» ነበር የሚባለው፤ ገንዘቡ ሲጎድል ደግሞ «ሌባው»። በዚህ የተንገሸገሹ አምስት ሰዎች ከሥራ በኋላ በአንድ የታይፕ ማስተማሪያ ክፍል ተሰበሰቡ። ክፍሉን ለምኖ ያስፈቀደው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጨርቅ የለበሱትን የታይፕ መኪናዎች ገፋ አድርገው፣ በተማሪ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ማህበር መሠረቱ። ከአምስቱ ሴት እሷ ብቻ ስለነበረች ጸሐፊ አደረጓት። ሻይም እንድታፈላ አስበው ነበር። «ወይ ቃለ ጉባኤ ወይ ሻይ፤ ሁለቱን በአንድ እጅ አልችልም» ብትላቸው ተያይተው ቃለ ጉባኤውን መረጡ።

መተዳደሪያ ደንቡን የጻፈው ወንድሟ ነው። የመጀመሪያዋ አንቀጽ ሁለት ቃል ናት፤ ያላየኸውን አትፈርም። ሌሎቹ ትንሽ እናስረዝማት፣ ማብራሪያ እናክልባት ቢሉት «ረጅም ደንብ ለሰበብ ቦታ አለው» ብሎ እምቢ አለ። ሁለተኛዋን «ጥሪ» አላት። ከማህበሩ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በሁለት ሰው ይታያል። የጻፈው ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ይጠራል፤ ነገሩን የሚያውቀው ደግሞ እየሰማ በየመስመሩ በቀለም እርሳስ ቲክ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ያየው ሰው «አይቼዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። የጻፈ አያይም፣ ያየ አልጻፈም። እያንዳንዱ መሥራች የራሱ ቀለም ነበረው፤ የወንድሟ አረንጓዴ ነው።

እዚህ ድረስ ብዕሯ ሮጠ። ከዚያ ወንድሟ ከማህበሩ የተሰረዘበት ዓመት ላይ ደረሰችና ቆመች።

ዓመት መዝጊያ ላይ ነበር። ወንድሟ የአንድ ንግድ ድርጅት ንብረት እንዲቆጥር ተልኮ ሦስቱን መጋዘን ጆንያ በጆንያ ቆጠረ። አራተኛው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሄዶ አላየውም፤ አይቼዋለሁ ብሎ ግን ፈረመ። በኋላ መጋዘኑ ሲከፈት ከእርግብ ኩስ በቀር ምንም አልተገኘበትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ድርጅቱ ከነሠራተኛው ተበተነ፤ ማህበሩም ገና ጥርስ ያላወጣ ነበርና መንከስ እንደሚችል ማሳየት ነበረበት። ይሰረዝ በሚለው ላይ ድምፅ የተሰጠው እጅ በማውጣት ነው። እጅ የምትቆጥረው ጸሐፊዋ ናት። ቆጠረች፤ የራሷንም እጅ ጨምራ ቆጠረች።

ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። ሰርግ ወይ ለቅሶ ሲያገናኛቸው «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የላቸውም። አሁን እሱም አርጅቶ ከልጁ ጋር ይኖራል። ሐኪሙ «ልቡ ደክሟል» ብሎ ለልጁ ነግሯታል፤ ልጁም ለአክስቷ ነገረቻት። እትዬ ማህተም ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እንደ ጥንቱ በአንድ ጠረጴዛ ሳይቀመጡ ይሄድባታል ብላ ፈራች። ይህ ፍርሃቷ ነው ብዕሯን የያዘባት።

ብዙ አሰበችና እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «ከመሥራቾቹ አንዱ በጤና ምክንያት ከማህበሩ ተሰናበቱ።» የልጅ ልጆቹ የሚያነቡት መጽሐፍ ነው፤ ምን ያደርግላቸዋል? ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ይደረግለታል ብላ ራሷን አሳመነች። ጽሑፉን ግን ያለ ጥሪ ማተም አይቻልም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በዓይኑ ያየ፣ ከእሷ ሌላ በሕይወት የተረፈ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወረቀቷን አቅፋ ወደ ወንድሟ ቤት ስትሄድ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር፤ ደንቡ ራሱ ሰበብ ሆናት።

በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ልጅ ናት። «አክስቴ! በስንት ጊዜሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና ወደ ውስጥ አስገባቻት። እሱ መስኮቱ አጠገብ ያበጡ እግሮቹን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ምን እግር ጣለሽ?» አላት።

«ደንብ ነው የጣለኝ፣ ጋሼ።»

«የቱ ደንብ?»

«ያንተው። ጥሪ ላሰማህ ነው የመጣሁት።»

ወረቀቱን አየው፤ እሷን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ልጁን «አረንጓዴውን እርሳስ ፈልጊልኝ፤ ቅረጪውም» አላት።

ያ ከሰዓት እንዲያልቅ አልፈለገችም። እሷ ትጠራለች፣ እሱ እየሰማ ቲክ ያደርጋል። የታይፕ መኪናዎቹን ልብስ ሰማያዊ ብትለው «ቡኒ» አለ፤ አስታውሳ አስተካከለች። የሻዩ ወሬ ላይ ሲደርሱ እርሳሱን አነሣ።

«ቆይ፤ ሻዩን ታዲያ ኋላ ማን አፈላው?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

«በይ ጻፊዋ! ታሪክ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ የአባቷን ሳቅ ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለችና ተመለሰች። እትዬ ማህተም ገጹን ገለበጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ያቺን መስመር አነበበች።

አረንጓዴው እርሳስ አልተንቀሳቀሰም።

«ማነው እሱ በጤና ምክንያት የተሰናበተው?»

«ጋሼ...»

«ስም የለውም? ያኔ እንኳን ልታመም፣ ድንጋይ ብበላ የምፈጭ ጎረምሳ ነበርኩ።»

«ላንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ!» እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ስታባርሩኝ ቢያንስ ነበርኩ። ሰው ያልነበረበት ቦታ አይባረርማ። አሁን ግን ጭራሽ አጠፋሽኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይሄን አልፈርምም። አላየሁትም፤ አልሆነምና።»

«የልጅ ልጆችህ ያነቡታል ብዬ እኮ ነው።»

«ያንብቡት! ደንብ የሚጥስ ሁሉ ቀንድ ያለው ይመስላቸዋል፤ አያታቸው መሆኑን ያንብቡት።»

እሷም ተቆጣች። ዓይኗም እንባ አቀረረ። እሱ አየና «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ» አላት። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። የወንድሟ ልጅ እስከ በር ሸኘቻት።

ቢሮው ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። ፕሬዚዳንቱ ከላይ ሆኖ ሲጠብቃት ኖሮ ሮጦ ወረደና ቦርሳዋን ተቀበላት። መጥፎ ልጅ አይደለም። ሁልጊዜ ቦርሳዋን ይይዝላታል፤ እሷ ሳትቀመጥም አይቀመጥም።

«እትዬ፣ ማተሚያ ቤቱ ተራችንን ለሌላ ልሰጥ ነው እያለ ነው። አለቀ?»

«ያየ ሰው ፊርማ ቀርቷል።»

«እሱ ብቻ?» ፊቱ ፈካ። «ታዲያ እኔ እፈርማለኋ!»

«አንተ ያኔ ተወልደሃል?»

«ባልወለድስ፤ እርስዎ የጻፉትን ማን ይጠራጠራል? ደግሞ ማን ያየዋል? ኧረ እትዬ፣ ፊትዎ ጥቁር ብሏል፤ ደክሞዎታል። እዚህ ጋ ይመቱልኛል፣ እኔ ሮጬ አደርሰዋለሁ፣ እርስዎ ሄደው ይተኛሉ።»

ልትተኛ ፈለገች። በዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ጉልበቷ ይጠዘጥዛል፣ ጫማዋ እግሯን ይዞታል፣ ወንድሟ ያላት ነገር ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። ይፈርምና ይገላግላት። ልጁ «አይቼዋለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ማህተሙን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቀለሙ ላይ አስነካችው፤ እጇን አነሣች።

እጇ እንደተነሣ ቀረ።

አራተኛው መጋዘን እንዴት እንደተፈረመ ያን ጊዜ ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት ወንድሟን ስታስበው በጨለማ ውስጥ አንድ መጥፎ ነገር የሠራ ሰው አድርጋ ነበር የምታስበው፤ ጉቦ በልቷል ያሉትንም አፏን ሞልታ «አልበላም» ብላ መልሳላቸው አታውቅም። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑ ይመሻል፣ እግር ያብጣል፣ አንድ ደግ ሰው መጥቶ «ደክሞዎታል፤ ማን ያየዋል?» ይላል። ሌባ አያስፈልግም። አፈረች፤ ደነገጠችም።

ማህተሙን ክዳኑ ውስጥ መለሰች። ከዚያ ብዕር አንሥታ በልጁ ፊርማ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ አልፋቀችውም፣ አልደለዘችውም። ሂሳብ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን እንዲነበብ አድርጎ ነው የሚሰርዘው። ከጎኑ የራሷን ምልክት አኖረች።

«ምነው እትዬ?» አለ ልጁ፤ ፊቱ ልውጥ አለ።

«ልጄ፣ ዛሬ ከማህበሩ ልትሰረዝ ነበር። እኔም አብሬህ።»

«ምን አደረግሁ?»

«አራተኛውን መጋዘን ፈረምክ።»

«የምን መጋዘን?»

«ታሪኩን ብታነበው ይገባህ ነበር» አለችው። «ግን እኔው አጥፍቼዋለሁ። በል ተነሥ፣ መኪናህን አስነሣ።»

ወንድሟ ቤት ስትመለስ እሱ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እርሳሱም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ፕሬዚዳንቱ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። እሷ ኮቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እስከ ዛሬ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን ፈረምክ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ደክሞኝ ነበር» አላት። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ጉቦ በልቶ ነው ሲሉኝ፣ ምነው በበላሁ እያልኩ እመኝ ነበር፤ ቢያንስ ምክንያት ይሆነኛል። ደክሞኝ ነበር፤ መጋዘን ጠባቂውም ሻይ ሰጠኝና ‹እንዳምናው ነው፤ ምን አደከመህ› አለኝ። በቃ ይኸው ነው።»

«እኔም ዛሬ ማህተሙን ላወርደው ነበር።»

«ሳታነቢ?»

«አንብቤያለሁ፤ ያልሆነ ነገር መሆኑን አውቄ ነው። ያላየ ሰው ፈርሞልኝ።»

ቀስ ብሎ ዞረና አያት። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪነሣበት ሳቀ። «እትዬ ማህተም!» አለ፤ ይህን ቅጽል ስም ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «እሺ፣ በይ ጻፊ።»

ጻፈች። ብዙ አልወሰደባትም፤ እውነቱን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። ስትጨርስ ወረቀቱን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች።

«አይሆንም» አላት። «የጻፈ ይጠራል።»

ስለዚህ ጠራችው። ያኔ በአዳራሹ ፊት ቆማ የስረዛውን ውሳኔ ያነበበችውም እሷ ነበረች፤ ያኔ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም ነበር። «ያላየኸውን አትፈርም የሚለውን ደንብ የጻፉት መሥራች» ብላ ሙሉ ስሙን አነበበች፤ ቲክ። «ሄደው ያላዩትን መጋዘን አይቼዋለሁ ብለው ፈረሙ»፤ ቲክ። «ጉቦ አልተቀበሉም፤ ደክሟቸው ነበር»፤ እርሳሱ ትንሽ ቆየና፣ ቲክ። «ማህበሩ በድምፅ ብልጫ ሰረዛቸው። እጃቸውን ካወጡት አንዷ እህታቸው ናቸው።»

እርሳሱ ቆመ።

«ጎደሎ ነው» አለ።

«ምን ጎደለው?»

«እጅሽን ከሁሉ መጨረሻ ነው ያወጣሽው። ያውም ተቀምጠሽ፣ ተነሥተሽ፣ እንደገና ተቀምጠሽ። ቃለ ጉባኤውን በግራ እጅሽ ጨብጠሽው ነበር፤ ተጨማድዶ ነበር።»

ያን ቀን ወንድሟ መሬት መሬት ሲያይ ነበር የመሰላት። «ይሄ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ?» አለች። «መጽሐፍ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።»

«ያየሁትን ነው የምፈርመው» አላት። «ጻፊው።»

«ከሁሉ መጨረሻ» የሚለውን ከመስመሩ በላይ አስገባች፤ ጠራችው፤ ቲክ አደረገበት። ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። «ይጠብቅ!» አለ ሽማግሌው፤ ብዕሩንም ተቀብሏት «አይቼዋለሁ» ብሎ በደንብ፣ ፊደሉን አሳምሮ ጻፈና ፈረመ። ከፊርማው በታች የአባልነት ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

«ይሄንን ክፍቱን እንተወው። አባል አይደለሁም።»

«ቁጥርህን ጻፍ።»

«የማን ሆነች አሁን?»

«የማንም።»

«እንዴት የማንም?»

«ቁጥር የምሰጠው እኔ አይደለሁ? አልሰጠኋትም» አለችው። «ግድግዳችን ላይ ከሁለት ወደ አራት ነው የምንዘለው። ልጆቹ መቁጠር አይችሉም እያሉ ይስቁብናል።»

አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የእሷን ፊት አየ። «ይህን ሁሉ ዘመን?» አለ።

«ይህን ሁሉ ዘመን።»

ብዕሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ሦስት ቁጥርን ጻፈ። እሷም ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ማህተሙን አወጣች። ከመምታቷ በፊት ግን እንደ ልማዷ መነጽሯን አጥልቃ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንባዋ መስታወቱን ስላደበዘዘባት ጠርጋ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት።